የድሮ ሱቅ ሰሌዳና ጣሳ በደብረ ማርቆስ፦ ከግድግዳው ይልቅ ጓዳውን እዩ

ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ ያለው አሮጌ ዕቃ መሸጫ ከቢቸና፣ ከሞጣና ከደጀን ወረዳ የገጠር ሱቆች የወጡ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች፣ የሻይና የብስኩት ጣሳዎች፣ የባትሪ ድንጋይ ካርቶኖች ይሸጣል። በጣሳና በካርቶን የሚታማ አይደለም። የኢናሜል ሰሌዳው ግን ዓይን ይፈልጋል፣ በተለይ ግድግዳው ላይ እያብረቀረቀ የተሰቀለው።

ኢናሜል ቀለም አይደለም፤ ወደ 800 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ብረት ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ነው። እንደ ቀለም አይቀረፍም፣ እንደ ስኒ ይሸረፋል። ሽርፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምስማር ቀዳዳው ነው፤ ምስማሩ ሲጠብቅ ብርጭቆውን ይሰነጥቀዋልና። ቀዳዳው ዙሪያ ንጹሕ ሆኖ መሃሉ ብቻ የዛገ ሰሌዳ ስታዩ ተጠራጠሩ። የቆየ ዝገት ጠቁሮ ይጣበቃል፤ ሁሉም ቦታ እኩል ብርቱካናማ ሆኖ ጣት ላይ የሚቀር ዝገት ትናንት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ማግኔት ኪሳችሁ ይኑር። አንዳንዱ ሰሌዳ ሽርፋቱ በስቱኮ ተሞልቶ የመኪና ቀለም ተነፍቶበታል፤ እዚያ ላይ ማግኔቱ ይላላል። ጥፍርም ይናገራል፤ ብርጭቆው ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው፣ ቀለሙ ትንሽ ይለሰልሳል። የተጠገነውን በደህናው ዋጋ ሲጠይቁ ዝም ብሎ መውጣት ነው።

ዘመኑን ከጽሑፉ ማንበብ ይቻላል። «ጎጃም ጠቅላይ ግዛት» የሚል አድራሻ ከደርግ በፊት ነው፤ «ክፍለ ሀገር» ካለ ደርግ ገብቷል። ባርኮድ ያለበት ጣሳ «የጃንሆይ ዘመን ነው» ቢባል አትመኑ። የምሥረታ ዓመትም ያሳስታል፦ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1922) ተመሠረተ፤ ዛሬ የሚሠራ ሰሌዳም 1922 ሊጻፍበት ይችላል። እዚህ ሱቅ ዓመቱን እንደ ሰሌዳው ዕድሜ ቆጥረው ዋጋ ይሰቅላሉ።

ትልቁ ጥፋታቸው እጥበቱ ነው። ጣሳውን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦና በበረኪና ያሹታል፤ ሽቦው የታተመውን ሥዕል ይልጠዋል፣ በረኪናው ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ «ጓዳ ያለውን ያልታጠበውን አሳዩን» በሏቸው። ቤት ስትደርሱ ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ ላርጎ፣ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ክዳኑ ሥር፣ ሰው በማያየው ጥግ መጀመሪያ ሞክሩ፤ ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከወጣ ውሃውን ተዉና በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ወዲያው አድርቁ። በብርጭቆ ወረቀት አትፋቁ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ብናኙም መርዝ ነው። የድሮ ጣሳ መገጣጠሚያም በእርሳስ የተበየደ ሊሆን ስለሚችል በርበሬም ሽሮም አይቀመጥበትም፣ መደርደሪያ ላይ ይዋብ።

ዋጋ አይለጥፉም፤ ክርክሩ ረጅም ነው፣ ቡና ግን ይጋብዛሉ። የሚጠቀልሉት በጋዜጣ ብቻ ነው፣ ይህ ለሰሌዳ አይሆንም። ዓባይ በረሃን ወርዶ ለሚወጣ አውቶብስ ሰሌዳውን በአቡጀዲ ጠቅልሉ፣ በሁለት ችፑድ መሃል እሰሩት፣ ፖርቶመጋላ ላይ ሳይሆን ከመቀመጫችሁ አጠገብ አቁሙት። በክረምት ፌስታል ውስጥ አታቆዩት፤ ላብ ይዞ ከጀርባው ይዝጋል።