ቀዩ ሠርግ፦ መጽሐፉ ወይስ ፊልሙ?

ደሴ ላይ ከአጎቴ ልጅ ጋር የተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልሙን የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ሦስተኛ ሲዝን 9ኛ ክፍል፣ «ቀዩ ሠርግ» የሚባለው እልቂት ያለበትን፣ በድጋሚ አየን። ቶናው ሲቀዳ ማንም ሲኒ አላነሳም።

ክፍሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ታሪኩ የተወሰደበት መጽሐፍ ደግሞ በ2000። ወጣቱ ንጉሥ ሮብ ስታርክ ሠርግ ተጠርቶ፣ የጋባዡን ዳቦና ጨው ቀምሶ፣ እዚያው ይገደላል። ወሎ ላደገ ሰው ይሄ አጥንት ድረስ ይሰማል። እኛ ጋ ማዕድህን የቀመሰ እንግዳ አደራ ነው።

መጽሐፉ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን በሮብ እናት በካትሊን ዓይን ብቻ ያሳየናል። እጇ ከጋባዦቹ ከአንዱ እጅጌ ስር ጥሩር ሲነካ፣ ፍርሃቷ ቀስ እያለ አንተም ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ አእምሮዋን ስታ ትስቃለች። ያ ሳቅ ስንት ቀን ጆሮዬ ላይ ቆየ!

በመጽሐፉ የሮብ ሚስት ሠርጉ ላይ የለችም። በፊልሙ ግን ነፍሰ ጡር ሆና መጣች፤ መጀመሪያ የተወጋችውም እሷ ናት። የአጎቴ ልጅ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። እሱ «ፊልሙ ይበልጣል» ይላል። እኔ ግን ከዚያ ጩቤ ይልቅ የካትሊን ሳቅ ነው የሚያስለቅሰኝ።

አንድ ነገር ላይ ግን ፊልሙ በልጧል። የተዋንያኑ ስም ያለ ሙዚቃ፣ በዝምታ ያልፋል። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የከሰሉ ድምፅ ብቻ ነበር።