ጎመኑ በረንዳ ላይ ወይስ ግቢ ውስጥ?

ልደታ ኮንዶሚኒየም ለሚኖርና አትክልት ላማረው ሰው ምርጫው ሁለት ነው። ወይ በረንዳው፣ ወይ ከጎረቤት ጋር ግቢው።

ወጪ
በረንዳ፦ ቢጫ ጀሪካን ጎኑን ቀዶ፣ ታቹን በስቶ መጀመር ነው። የሚያስመርረው አፈሩን አራተኛ ፎቅ ማውጣቱ ነው።
ግቢ፦ መሬቱ አለ፤ ግን የግንባታ ፍርስራሽ አይጠፋውም። ለአፈርና ለፍግ ማዋጣት ግድ ነው።

ውሃ
ዋናው ራስ ምታት እዚህ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በረንዳ ይቀላል፤ ሰላጣ የታጠበበት ውሃ ለጥቂት ጀሪካን ይበቃል። ግቢውን ክረምት ላይ ዝናቡ ያጠጣዋል፤ በበጋ ግን ሮቶ ይፈልጋል። ወንዙ ቅርብ ነው ብላችሁ ከትንሹ አቃቂ እንዳትቀዱ! የፋብሪካና የሽንት ቤት ፍሳሽ ይገባበታል። እንደ ክሮሚየም ያለው ከባድ ብረት ደግሞ አንዴ ቅጠሉ ውስጥ ከገባ በማጠብ አይለቅም።

ጭቅጭቅ
በረንዳ፦ ታች የተሰጣ ልብስ ላይ ካልተንጠባጠበ የለም።
ግቢ፦ አለ፣ በደንብ! ማን አጠጣ፣ ማን ሳያስፈቅድ ቆረጠ... ግን ደረጃ ላይ ሰላም ብቻ ይባባሉ የነበሩ ሰዎች ቡና መጠራራት ይጀምራሉ። ቤት የሚውሉት እማማም ወርደው ፀሐይ እየሞቁ ያርማሉ። እኔ ይህን ከጎመኑ አስበልጣለሁ።

ለማን?
ተከራይ ከሆናችሁ ወይ ጊዜ ካጠራችሁ በረንዳ፦ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ሰላጣ። ፀሐይ የማያገኝ ከሆነ ግን አትልፉ። የምትቆዩበት ቤት ከሆነና ኮሚቴያችሁ የሚሠራ ከሆነ ግቢ፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት።