የጤና ጥያቄ ካርድ ለፋሲካ ገዝቼ ከቤተሰብ ጋር ተጫወትንበት

ለበዓል ሁሉም ቤት ስለሚሰበሰብ ብዬ ስለ ሰውነትና ስለ ህክምና የሚጠይቅ አንድ ፓኬት ካርድ ገዛሁ፣ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሶስት ማታ ተጫወትንበት።

ቁጥር የሚጠይቁት ቶሎ ይሰለቻሉ። አዋቂ 206 አጥንት አለው፣ ህጻን ሲወለድ ግን ወደ 300 ይጠጋል፣ ሲያድግ እየተጋጠመ ነው የሚቀንሰው፣ እሺ፣ ቀጥል።

ጨዋታው የሞቀው "በ1984 እ.ኤ.አ. አንድ አውስትራሊያዊ ሐኪም ስለ ጨጓራ ለማስረዳት ምን ጠጣ?" የሚለው ላይ ነው። እማዬ ቶሎ ብላ "በርበሬ በጥብጦ" አለች፣ እኛ ቤት ጨጓራ የሚመጣው ከበርበሬና ከጭንቀት ነው ተብሎ ነው ያደግነው። መልሱ ባክቴሪያ! ሐኪሙ ባሪ ማርሻል ይባላል፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ላብራቶሪ ውስጥ አራብቶ ጠጣው፣ በቀናት ውስጥ ያስመልሰው ጀመር፣ ጨጓራው ሲታይም ተቆጥቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት። ነርሷ እቴቴ ደግሞ በርበሬ ህመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል እንጂ ቁስለቱን በብዛት የሚያመጣው ይሄ ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ማዘውተር ነው ብላ አስረዳች። እማዬ ለጉልበቷ ስንት ጊዜዋ ነው እሱን ስትውጥ! ተነስታ ቦርሳዋን አመጣችና ኪኒኑን ለእቴቴ አሳየቻት፣ ጨዋታው እዛ ላይ ቆሞ ስለ መድኃኒት ስናወራ አመሸን። ለዚህች ማታ ብቻ እንኳን ብሩ አልቆጨኝም።

ያናደደኝ ነገርም አለ። አንዱ ካርድ ሰው አእምሮውን 10 በመቶ ብቻ ነው የሚጠቀመው ይላል፣ ይሄ ውሸት ነው፣ ተኝተን እንኳን አእምሯችን ስራ ላይ ነው። የጤና ጨዋታ ብሎ ለሚሸጥ ሰው ይሄን አለማጣራት ትልቅ ጥፋት ነው፣ መልሶቹም አንድ መስመር ብቻ ስለሆኑ ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ምንም የላቸውም፣ እቴቴ ባትኖር እኛም በጨለማ ነበርን።

ከአፍሪካ ደግሞ አንድም ጥያቄ የለም። እኔ ወረቀት ቆርጬ የኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ የዶክተር አክሊሉ ለማን ጨመርኩ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ፣ ምን ገደላቸው? እማዬ ሳልጨርስ "እንዶድ" አለች፣ ሴቶቹ እንደ ሳሙና የሚያጥቡበት ተክል ነው። እንዲህ አይነት ጥያቄ ሞልቶበት በአማርኛ የሚያሳትም ካለ እኔ ሁለት ፓኬት እገዛለሁ፣ ይሄኛውን ግን ቤታችሁ የህክምና ሰው ካለ ነው ግዙት የምለው።