ደሴ ቧንቧ ውሃ፦ የሰው ጓዳ የማይጠየቅባት የጀበና ቡና

ለዚህች ቤት ከአምስት ኮከብ አምስቱንም እሰጣለሁ። ስኒው 25 ብር ነው። ጦሳ ጉም ሲለብስ ማንደጃው አጠገብ ያለችውን ዱካ ቀድሞ የያዘ ሰው ዕድለኛ ነው። ቁርሱ የገብስ ቆሎ ወይም ዳቦ ነው፤ ዳቦው ከሰዓት ይደርቃል።

እኔን ስድስት ዓመት ያመላለሰኝ ግን ቡናው ብቻ አይደለም። ኮሌጅ አስተምራለሁ፤ 41 ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። ኅዳር ላይ ሦስት ተማሪዎቼ እዚያው አገኙኝና አንዱ ደፈር ብሎ «መምህር፣ ለምንድን ነው ያላገቡት?» አለኝ። አፌ ደረቀ። ባለቤቷ ቶናውን እየቀዳች «ልጄ፣ እዚህ ቤት የሰው ጓዳ አይጠየቅም» አለችው። ስኒዬን ስታቀብለኝ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አብሽሩ» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ጠዋት አሜሪካ ኮሌጅ ከሚያስተምር የድሮ ጓደኛዬ መልእክት ደርሶኝ ነበር። ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ለተማሪዎቹ ነግሯቸዋል። እሱ ባለበት አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. በዚህ ምክንያት ሠራተኛን ማባረር ሕገ ወጥ ነው ብሏል፤ እሱ ግን እንደዚያም ሆኖ ሁለት ሴሚስተር አመንትቷል። እኛ ዘንድ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱ ያሳስራል፤ ወሬው ደግሞ ከፖሊስ ቀድሞ ቤት ይገባል። እሱ ያመነታበት ነገር እዚህ ለሚያስተምር ሰው ምርጫ ሆኖ እንኳ አይቀርብም።

ስለ ራሴ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ዝም ማለት ግን ዋጋ አለው። አንዲት ባልደረባዬ «ልጄ ሲያተኩሰው አደረ» ብላ ክፍል ስትገባ ተማሪዎቿ ያዝኑላታል፣ ይቀርቧታል። እኔ ስለ ቤቴ ትንፍሽ ስለማልል ኩሩ ይሉኛል። ይህ ያመኛል። መምህር ከኑሮው የትኛውን ይዞ ክፍል እንደሚገባ፣ የትኛውን በር ላይ እንደሚተው የሚወስነው ራሱ ሊሆን ይገባል፤ የቡና ቤቷ ባለቤት ይህ የገባት ማንም ሳያስረዳት ነው።

ዓርብ ጁምዓ እስኪያልቅ ዝግ ነው። ያ ልጅ አሁንም ይመጣል፤ ባለፈው ሳምንት ስለ መመረቂያ ጽሑፉ ስንነጋገር በረካው ደረሰ።