በጤና መድኅን መታወቂያ የወር መድኃኒት መውሰድ፦ በአራዳ አንድ ጤና ጣቢያ ያየሁት አገልግሎት

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ የደም ግፊት ወይም የስኳር ታካሚ ከመታወቂያው የሚጠብቀው ዋና ነገር በየወሩ ሳይቋረጥ የሚወስደውን መድኃኒት ነው። እናቴ ክትትል የምታደርግበት፣ በአራዳ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጤና ጣቢያ በዚህ ሲመዘን ሐኪሞቹ የሚመሰገኑ፣ የመድኃኒት አሰጣጡ ግን ታካሚን የሚያንገላታ ነው።

የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም። ካርድ ክፍሉ የመታወቂያውን መታደስ አይቶ ያለ ክርክር ያስተናግዳል፤ ግፊት የምትለካው ነርስም አረጋውያኑን ጥቂት አሳርፋ እንጂ ደረጃ ወጥተው እያለከለኩ አትለካቸውም። በጤና ጣቢያው ላለ ምርመራና መድኃኒት ገንዘብ አይጠየቅም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በግል መድኃኒት ቤቶች ዋጋው እንዴት እንደናረ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

መከራው ያለው መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ነው። እናቴ የምትወስደው ለግፊቷ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ ለስኳሯ ደግሞ ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም ነው። ሁለቱም የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊነት የመዘገባቸው፣ ማንም ሐኪም በየቀኑ የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች ናቸው። ሆኖም አንዱ ሲገኝ ሌላው ይጠፋል። ባለሙያዋ ክኒኖቹን ቆጥራ በትንሿ ፖስታ ላይ «ጠዋት 1» ብላ ከጻፈች በኋላ አንገቷን ወደ መስኮቱ ቀዳዳ ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ የግፊቱ ይኸው፤ የስኳሩ ግን አልገባም» ትላለች። በማዘዣው ላይ አለመኖሩ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ታካሚው ውል ወደተገባለት ሌላ መድኃኒት ቤት ይላካል። እዚያ ደግሞ ሌላ ሰልፍ አለ፤ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ይጠየቃል፤ ማኅተሙ ደብዝዞ ካልተነበበ ተመለሱ ይባላል። አንድ ጊዜ የነበረው ባለ 850 ሚሊ ግራሙ ሜትፎርሚን ብቻ ስለነበረ፣ ማዘዣው እንዲስተካከል ወደ ሐኪሟ ተመልሰናል። ፋርማሲስቱ መጠኑን በራሱ አለመለወጡ ተገቢ ነው፤ ስልክ አንሥቶ ሐኪሟን መጠየቅ ግን ይችል ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የግማሽ ወር አሰጣጥ ነው። መድኃኒቱ ሲያንስ ለሁሉም እንዲዳረስ የ15 ቀን ብቻ ይሰጣል፤ ሐሳቡ አይከፋም። ነገር ግን ቀሪውን ለመውሰድ የቀድሞው ማዘዣ ስለማያገለግል፣ ግፊቷም ስኳሯም የተስተካከለላት እናቴ ካርድ ከማውጣት ጀምሮ ሐኪም ፊት እስከ መቅረብ ያለውን ወረፋ እንደ አዲስ ትይዛለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር ለዋለ ታካሚዎች የሚመክረው ከ3 እስከ 6 ወር የሚደርስ ቀጠሮ ነው። በእኛም አገር የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱና ጤናቸው የተረጋጋ ሰዎች ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መውሰድ ችለዋል። አሠራሩ እንግዳ ካልሆነ፣ ለግፊትና ለስኳር ታካሚዎች ቢያንስ የ3 ወር መስጠት ስለምን እንደሚከብድ አይገባኝም።

ጥፋቱን ሁሉ መስኮቱ ላይ በተቀመጠችው ልጅ ማላከክ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ጤና ጣቢያ ለመድኅን አባላት ያወጣውን ወጪ የሚያስመልሰው አገልግሎቱን ከሰጠ በኋላ ስለሆነ፣ ክፍያው በዘገየ ቁጥር መድኃኒት መግዣው ያጥረዋል። እርሷ የምትሰጠው መደርደሪያው ላይ ያለውን ነው። ሆኖም ምን እንዳለቀ ጠዋት በወረቀት ጽፎ ካርድ ክፍሉ በር ላይ መለጠፍ በጀት አይጠይቅም፤ ሐኪሙም ቢሆን የትኛው መድኃኒት እንደሌለ አውቆ ያዝዛል፣ ታካሚውም መድኃኒቱ በሌለበት ቀን ግማሽ ቀኑን በሰልፍ አይፈጅም።

እስከዚያው በዚሁ ጤና ጣቢያ ክትትል ያላችሁ ሰዎች ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት መድኃኒት መስጫው ላይ ጠይቁ፤ በእጃችሁ ያለው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሂዱ፤ የመታወቂያችሁን ፎቶ ኮፒም አትርሱ። ማኅተሙ በግልጽ መነበቡን እዚያው መስኮቱ ላይ አይታችሁ ተቀበሉ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ ወደ ሌላ መድኃኒት ቤት ልትላኩ ስለምትችሉ፣ ያልተከፈተው ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቆየት አለበትና ማቀዝቀዣ ዕቃ ይዛችሁ ውጡ።