የአዳማ ልጆች፣ «ሙቀት ለምዳችኋል» ብሎ ዱባይን የሚሸጥላችሁን ሰው ተጠንቀቁ

ባለፈው ሰኞ ከመናኸሪያ ወደ ፖስታ ቤት ስሄድ የመብራት ምሰሶ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። «ዱባይ በ60 ቀን ቪዛ! ቲኬት፣ ማረፊያ፣ ሥራ፤ ሙሉ ፓኬጅ» ይላል። ስልክ ቁጥሩን ሳየው ክው አልኩ። በቃሌ የማውቀው ቁጥር ነው። አምና 185 ሺህ ብር የወሰደብኝ ሰው ቁጥር ነው። ሁለት ልጃገረዶች ቆመው ስልኩን እየመዘገቡ ነበር። ጠጋ ብዬ አናገርኳቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል አወራን። ቁጥሩን አጥፍተው ሄዱ። ግን ወረቀቱ ስንት ምሰሶ ላይ እንደተለጠፈ አላውቅም፤ ሁሉም ሥር ቆሜ መዋል አልችልም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ፍራንኮ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። ሰውየው የካፌው ደንበኛ ነው። ማኪያቶ ያዛል፣ ጥሩ ቲፕ ይሰጣል፣ «እህቴ» እያለ ያወራል። አንድ ቀን «እዚህ ጉልበትሽን ለምን ትጨርሻለሽ?» አለኝ። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሥራ አለ፣ ደመወዙ በወር 2,500 ድርሃም ነው፣ ቪዛውም፣ ቲኬቱም፣ የአንድ ወር ማረፊያውም በእኔ በኩል ያልቃል አለ። እናቴ ስትሰማ መጀመሪያ የፈራችው ሙቀቱን ነው። «ልጄ፣ እዚያ አገር እሳት ነው ይባላል» አለች። ይህንኑ ነገርኩት። እሱም እንዲህ አለኝ፦ «አንቺ የአዳማ ልጅ አይደለሽ እንዴ? የሚቸገሩት የደብረ ብርሃን ልጆች ናቸው። አንቺማ ሙቀት ለምደሻል። ደግሞ ሁሉም ቦታ ኤሲ አለ።» አሳማኝ ሆኖ ታየኝ። እናቴም ሰማችና ረጋ አለች። የእቁብ ብሯን አወጣች፣ እኔ ያጠራቀምኩትን ጨመርኩ፣ ከፈልን።

እስቲ ሙቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችን የምንታለለው እዚህ ላይ ነው። አዳማ ሞቃት ናት፤ እውነት ነው። ግን የኛ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ነፋስም አለው። ከከተማችን በላይ ጋራው ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ያለ ምክንያት እዚያ አልቆሙም። ላብ ሲወጣን ቶሎ ይደርቃል። ሰውነት የሚቀዘቅዘውም ላቡ ሲደርቅ ነው። ማታ ነጠላ ደረብ አድርገን ደጅ እንቀመጣለን። ዱባይ ግን ባሕር ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። እኛ ክረምት ስንገባ እዚያ የበጋው ጫፍ ነው። ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ብዙ ጊዜ ከ30 አይወርድም። አየሩ እርጥበት ስለሚሸከም ላቡ ይንቆረቆራል እንጂ አይደርቅም። ሙቀቱ ከሰውነት መውጫ ያጣል። በግንቦት 2017 በዚያው አገር በኤምሬትስ፣ ከአል አይን ከተማ ብዙ በማይርቀው ሱዌይሃን፣ 51.6 ዲግሪ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለውን ሙቀት አዳማ ተወልዶ ማደግ አያስለምድም።

እኔ የደረስኩት በሰኔ መጨረሻ፣ ሌሊት ነው። ከአየር ማረፊያው በር ስወጣ ፊቴን የመታኝ አየር፣ የምጣዱ አክንባሎ ሲነሳ እንደሚመጣው እንፋሎት ነበር። የምጣዱ እንፋሎት ግን ፈቀቅ ስትሉ ይተዋችኋል።

የተቀበለኝ ልጅ ዴራ የሚባለው ሰፈር ወሰደኝ። «ማረፊያ» የተባለው ቤድ ስፔስ ነው። ይህን ቃል ያዙልኝ። የራሳችሁ ክፍል አይደለም፤ አልጋ ብቻ ነው የምትከራዩት። አንድ ሳሎን በቀጭን ጣውላ ተከፋፍሎ አሥራ አንድ ሰው ይኖርበታል። ተደራራቢ አልጋ፣ መጋረጃ፣ አልጋ ሥር ሻንጣ። ኤሲ አለ፤ በዚህ አልዋሸኝም። ግን ያለው ከጣውላው ወዲያ፣ መስኮቱ ጋ ነው። ቅዝቃዜው እኛ ጋ አይደርስም። እነሱ ብርድ ልብስ ለብሰው ይተኛሉ፣ እኛ አንሶላችን በላብ ይርሳል። ክፍልን እንዲህ በጣውላ ከፋፍሎ ማከራየትን የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ይከለክላል። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ተከራዩ በአንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። እኛ ይህን ስጋት ይዘን ነበር የምንተኛው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ክፍሉን የሚያስተዳድረው ሰው መጣና 700 ድርሃም ጠየቀኝ። «የወሩ ተከፍሏል እኮ» አልኩት። ደብተሩን አሳየኝ። የተከፈለልኝ የአሥር ቀን ብቻ ነው። በላዩ ላይ የመብራት ድርሻ አለ። በበጋ ኤሲው ሌት ተቀን ስለሚሠራ የመብራት ሒሳቡ ይቆለላል፤ ለተከራዮቹ ይካፈላል። ይህ ክፍያ አዳማ ላይ በአንድም ቃል አልተነገረኝም።

ሥራውስ? ሆቴሉ አለ። ሄጄ አየሁት። ስሜን የሚያውቅ ሰው ግን የለም። እንግዳ ተቀባይዋ ፓስፖርቴንና ቪዛዬን አየችና በትህትና «ይህ የጉብኝት ቪዛ ነው፣ በዚህ መሥራት አይቻልም» አለችኝ። እውነቷን ነው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መሥራት በዚያ አገር ሕገ ወጥ ነው። በፈረንጆቹ 2024 በተሻሻለው ሕጋቸው የሥራ ፈቃድ የሌለው ሰው የሚቀጥር አሠሪ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። ታዲያ የትኛው ደህና ሆቴል እኔን ብሎ ይህን ዕዳ ይሸከማል? የሚቀጥሯችሁ የሚደብቋችሁ ናቸው። የሚደብቃችሁ ሰው ደግሞ ደመወዝ ቢከለክላችሁ የት ትከሱታላችሁ?

አብራኝ የነበረች የደሴ ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ አገኘች። ፀሐይ ላይ ቆማ ወረቀት ማደል። በሦስተኛው ቀን ራሷን ስታ ወደቀች። መንገደኞች ጥላ ውስጥ አስገብተው ውሃ አፈሰሱባት። ኤምሬትስ ውስጥ በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በኛ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 መሆኑ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። አሠሪ ሕጉን የሚጠብቅላችሁ ግን በሕጋዊ ውል ስትቀጠሩ ነው። እሷ በቀኑ በ7 ሰዓት ነበር የወደቀችው። አሁንም ድረስ ሳስበው ያመኛል። የ21 ዓመት ልጅ ናት።

ክፍላችን ውስጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ የኛ አገር ሴት ነበሩ። እትዬ ነበር የምንላቸው። ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። እሳቸው ባይኖሩ ምን እንደምሆን አላውቅም። የነገሩኝን ላካፍላችሁ፤ በሕጋዊ መንገድም ብትሄዱ ይጠቅማችኋል። በበጋ ከቧንቧ የሚመጣው «ቀዝቃዛ» ውሃ ያቃጥላል፤ ታንከሩ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ነው። ስለዚህ የውሃ ማሞቂያውን ማጥፋት ነው። ማሞቂያው ቤት ውስጥ ስለሆነ የያዘው ውሃ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ በሙቁ ቧንቧ ትታጠባላችሁ። ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ብዙ ካላባችሁ ውሃ ብቻ አይበቃም፤ ጨውም ይጎድላል። እትዬ ከባቃላ (ከሰፈር ሱቅ) ላበን የሚባለውን ቀጭን እርጎ ገዝተው ትንሽ ጨው ጣል አድርገው ይሰጡን ነበር። ሽንት ወደ ጥቁር ቢጫ ከሄደ ውሃ ጎድሏችኋል ማለት ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የመደንዘዝ ስሜት ከመጣ ፀሐዩን ትቶ መግባት ነው። ሰው መዘባረቅ ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ደግሞ አምቡላንስ ይጠራል፤ እዚያ ቁጥሩ 998 ነው።

ወደ ማጭበርበሩ ልመለስ። የባሰው ቲኬቱ ነው። ከመሄዴ በፊት የደርሶ መልስ ቲኬት ብሎ ወረቀት ሰጥቶኛል። ሥራ እንደሌለ ሲገባኝ ልመለስ ብዬ አየር መንገዱ ቢሮ ሄድኩ። የመመለሻው የለም። ተይዞ ነበር፣ ተሰርዟል። ቀሪው ገንዘብ ካለ ደግሞ የሚመለሰው ለገዛው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ስሙ። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ የቦታ መያዣ ነው እንጂ ብቻውን ቲኬት አይደለም። የተከፈለበት ቲኬት 13 አሃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ቁጥሩን ይዛችሁ ራሳችሁ አየር መንገዱ ጋ ደውሉ። መመለሻው የተከፈለበት ነው ወይ፣ ከተሰረዘ ገንዘቡ ለማን ይመለሳል ብላችሁ ጠይቁ። በሁለት ደቂቃ ታውቁታላችሁ። እኔ ይህን ሁለት ደቂቃ አላጠፋሁም።

ቪዛው ሊያልቅ 19 ቀን ሲቀረው ተመለስኩ። ቀኑ ካለፈ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል። የመመለሻዬን እትዬና የክፍሉ ልጆች አዋጥተው ከፈሉልኝ። እስካሁን በየወሩ እየመለስኩ ነው።

አሁን ስለ ክፍያው። ሰው ለሥራ ወደ ውጭ ሲሄድ ማን ምን እንደሚከፍል አገራችን ውስጥ ሕግ አለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ይባላል። በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። የኛ ድርሻ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃና ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) የመሳሰለው ነው። ስለዚህ «ሥራ አለ» ብሎ ለቪዛና ለቲኬት ብር የሚጠይቃችሁ ሰው እያታለላችሁ ነው። ወይ ጉብኝት እየሸጠላችሁ ነው፣ ወይ አሠሪው የሚከፍለውን ከእናንተ እየወሰደ ነው። ኤጀንሲ ነኝ ካለ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያሳያችሁ። ውላችሁንም ሚኒስቴሩ ሳያጸድቀው አትሂዱ። ቪዛው ከመጣ ደግሞ ዓይነቱን አንብቡ። እንግሊዝኛ ካልሆነላችሁ ለሚያነብ ሰው ስጡ። «ቱሪስት» ወይም «ቪዚት» የሚል ካለበት የሥራ ቪዛ አይደለም፤ ማንም ምንም ቢላችሁ።

ለመጎብኘት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የምትሄዱ ካላችሁም ማረፊያውን ጠይቁ። ስንት ሌሊት ነው የተከፈለው? ስንት ሰው ነው የሚተኛበት? ኤሲው በየትኛው በኩል ነው? መብራት ይጨምራል? የክፍሉን ቪዲዮ ይላክላችሁ፤ ፎቶ አይበቃም። ሐምሌና ነሐሴን ደግሞ ከቻላችሁ ዝለሉት። በኅዳርና በታኅሣሥ አየሩ ደስ ይላል፤ ሰው ደጅ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ ነው። ደላላው እኔን በሰኔ የላከኝ ቲኬቱና አልጋው የሚረክስበት ወቅት ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ትርፉን አሰበ።

በሕጋዊ መንገድ ሄደው ቤተሰባቸውን የለወጡ ብዙ ጎረቤቶች አሉኝ። መሄድ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ይህን ፓኬጅ አትግዙ ነው የምለው።

ከተመለስኩ በኋላ ሰውየውን ፈልጌ አገኘሁት። «ሥራ እፈልግልሻለሁ አልኩ እንጂ አለ አላልኩም» አለኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ። ደረሰኝ አለሽ ወይ ተባልኩ። የለኝም። ብሩን ያስገባሁት በእሱ ስም እንኳ ባልሆነ የግለሰብ ሒሳብ ነው። ያለኝ የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀትና የቴሌግራም መልእክቶቹ ናቸው። መርማሪው ሌሎችም ተበዳዮች ካሉ አብረን ብናመለክት ጉዳዩ እንደሚጠነክር ነገረኝ። ምሰሶው ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ፋይሉ ውስጥ አስገብቻለሁ። ከናንተ መካከል ለዚህ ዓይነት ፓኬጅ በግለሰብ ሒሳብ ብር ያስገባ ካለ የባንክ ወረቀቱን አይጣል፣ መልእክቶቹንም አያጥፋ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሐሙስ ጠዋት እንደገና ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፤ አብረን እንግባ።