ለ«ሜዲካል ሚሽን» ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰመር ሲቃረብ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባለነው ሐበሾች ዘንድ የጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ) ሊንክ መዞር ይጀምራል። ፎቶው ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ አለ። «ለሜዲካል ሚሽን (ለበጎ ፈቃድ የሕክምና ጉዞ) አፍሪካ ልሄድ ነው፣ አግዙኝ» ይላል። ጎበዝ የኛ ልጅ ብለን ሃምሳም መቶም ዶላር እንልካለን። ገንዘቡ ማን ኪስ እንደሚገባ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ዘንድሮ ተራው የእህቴ ልጅ ሆነ። የሕክምና ትምህርት አንደኛ ዓመት ላይ ናት። አስጓዡ ድርጅት የላከላትን ውል ይዛ መጥታ «አክስቴ፣ እስቲ እዪልኝ» አለችኝ። ነርስ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ።

ታንዛንያ፣ ሞሺ ከተማ ለሁለት ሳምንት 3,400 ዶላር። የአውሮፕላን ቲኬት ለብቻ። ክትባትና የወባ መከላከያ ለብቻ። ቪዛም ለብቻ። የንጎሮንጎሮ ሳፋሪም ለብቻ ነው፣ እሱስ ይሁን። ታዲያ ምን ቀረ? መኝታ፣ ምግብ፣ ከኤርፖርት መቀበልና «የክሊኒክ ምደባ»። ሞሺ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ በስንት እንደሚገኝ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና ራሳችሁ አስሉት። ልጅቷ ከዚህ ውስጥ ለሆስፒታሉ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ በኢሜይል ጠየቀች። «ከአካባቢው አጋሮቻችን ጋር ተቀራርበን እንሠራለን» ብለው መለሱላት። ቁጥር የሚባል ነገር የለውም።

እዚያው ሞሺ ኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሜዲካል ሴንተር የሚባል ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ከ1971 ጀምሮ የሚሠራ ነው። የውጭ ተማሪዎችን በቀጥታ ይቀበላል፣ ክፍያውንም ራሱ ይወስዳል። ስለዚህ እዚህ መሀል ደላላ የሚያስገባ ነገር የለም።

ከዋጋው የበለጠ ያናደደኝ ግን ማስታወቂያው ነው። አገራችሁ የማይፈቀድላችሁን እዚያ ትሠራላችሁ ይላል። ቁስል መስፋት፣ መርፌ መውጋት፣ ማዋለድ። ይህን እንደ ጥቅም ነው የሚሸጡት! ልጅቷ እኮ ገና አናቶሚ እየሸመደደች ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እህታችሁን ታዋልድ ብትባል በሩን ዘግታችሁ ታስወጧታላችሁ። የሞሺዋ እናት ምን በደለች?

ኢትዮጵያ እያለሁ በአንድ የክልል ሆስፒታል ስሠራ እንዲህ ያሉ ቡድኖች ይመጡብን ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥሩ ሰርጅኖችም ነበሩ፤ ኦፕሬሽን ሠርተው፣ የኛን ሐኪሞች አሠልጥነው ይሄዳሉ። ተማሪዎቹ የመጡ ጊዜ ግን የኛ ሲ ዋኖች (ዋርድ ላይ ልምምድ የጀመሩ የሕክምና ተማሪዎች) እና ኢንተርኖች ከአልጋው ዳር ገሸሽ ይደረጋሉ። እኛ ነርሶች ቀኑን ሙሉ ስናስተረጉም እንውላለን፣ የዋርዱ ሥራ ይከመራል። ታካሚዋ የነካት ሰው ሐኪም ይሁን ተማሪ አታውቅም። ጋውን የለበሰ ፈረንጅ ሁሉ ለእሷ ዶክተር ነው። የተሰፋው ቁስል ሲያመረቅዝ እነሱ አውሮፕላን ላይ ናቸው።

አጋነንሽ የሚለኝ ካለ የኡጋንዳዋን ጂንጃ ያስታውስ። የሕክምና ትምህርት የሌላት አሜሪካዊት በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የሚቀበል ማዕከል ከፍታ ነበር። ልጆቻቸው የሞቱባቸው እናቶች በ2019 ከሰሷት። በ2020 ጥፋተኝነቷን ሳታምን ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ።

«ለሲቪዬ ይጠቅመኛል» የምትሉም አስቡበት። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2011 ባወጣው መመሪያ ተማሪ ውጭ አገር ሄዶ ከሥልጠናው በላይ በሽተኛ መንካት እንደሌለበት በግልጽ አስቀምጧል። «ታንዛንያ ሄጄ አዋለድኩ» ብሎ የጻፈ ልጅ ራሱ ላይ ነው የመሰከረው።

ውሉ ውስጥ ያለው ኢንሹራንስ ደግሞ የመንገደኛ ነው። ሻንጣ ቢጠፋ ይከፍላል፣ ሆስፒታል ውስጥ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ግን አይከፍልም። ይሄ በደቃቅ ፊደል ነው የተጻፈው። መርፌ ቢወጋትስ? የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ከዚያ 28 ቀን ይወሰዳል። መድኃኒቱን ማን ይሰጣታል? የሄፓታይተስ ቢ ክትባቷን መጨረስ አለመጨረሷን እንኳ የጠየቃት የለም።

ቪዛውን በተመለከተ ምክራቸው «በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ ከጠየቁሽ ለጉብኝት ነው በዪ» የሚል ነው። ታንዛንያ ለበጎ ፈቃደኛ የምትሰጠው የተለየ ፈቃድ አላት። ሲያዙ ቅጣቱ የልጅቷ ነው፣ የድርጅቱ አይደለም። ወደ ኢትዮጵያ የሚወስዱም አሉ። እዚያም የውጭ አገር ባለሙያ ታካሚ ለማየት ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ተማሪ ምኑን ይዞ ነው የሚያወጣው? (በነገራችን ላይ መንገድ ላይ አዲስ አበባ ወርዳችሁ አያት ልትጠይቁ ያሰባችሁ፣ ከዚያ ታንዛንያ ስትገቡ የቢጫ ወባ ካርድ ትጠየቃላችሁ። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ነው።)

መሄዱን አልጠላም። መጀመሪያ ግን ትምህርት ቤታችሁ ያለውን የግሎባል ሄልዝ ቢሮ ጠይቁ። ከተቀባዩ ሆስፒታል የተጻፈ ደብዳቤ ይኑራችሁ። የሚቆጣጠራችሁ ሐኪም ስሙና የምዝገባ ቁጥሩ ይሰጣችሁ፤ ታንዛንያ ከሆነ ሐኪሞችን የሚመዘግበው የታንጋኒካ ሜዲካል ካውንስል ነው። አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ ተማሪዎች ደግሞ በኢሜይል ለሚመጣ ግብዣ ዶላር ከመፈለጋችሁ በፊት የኢትዮጵያ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበርን ስለ ልውውጥ ፕሮግራም ጠይቁ።

አሜሪካ ሆናችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ በክሬዲት ካርድ ከሆነ ክፍያው የታየበት ስቴትመንት ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ ተቃወሙ። ቃል የተገባውንና የተሰጣችሁን የሚያሳዩ ኢሜይሎችን አያይዙ። የስቴታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮም የሸማቾችን አቤቱታ ይቀበላል። በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው ገንዘብ መላኪያ) የላካችሁ ግን ማስመለሱ ከባድ ነው። እነሱም «በዜል ብትልኩ ቅናሽ አለው» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም።